ከሞዴሱ በፊት ውሃውን

ጀሞ የምንኖርበት ብሎክ ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ ነው። በመጣ ሌሊት ተነስተን ጀሪካኑን፣ ሳፋውን፣ በርሜሉን፣ የተገኘውን ዕቃ ሁሉ እንሞላለን፤ ተመልሶ እስኪመጣ ድረስ ምግቡም ልብሱም ገላውም በዚያችው ነው። ለአካባቢ ተስማሚ ስለሚባሉ የወር አበባ መጠበቂያዎች ወሬ በተነሳ ቁጥር ቀድሞ ትዝ የሚለኝ ይህ ጀሪካን ነው። የማነበው ምክር አብዛኛው ቧንቧ በተከፈተ ቁጥር ውሃ ይወርዳል ብሎ የሚነሳ ነው። እኛ ቤት እንደዚያ አይደለም። የብዙዎቻችሁም ቤት እንደዚያ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

የምሠራው ፋርማሲ ውስጥ ነው። ሞዴስ የሚገዙ ሴቶችን ቀኑን ሙሉ አስተናግዳለሁ። ወንድ ደንበኛ እስኪወጣ ድረስ ሻምፑ የሚመርጡ መስለው የሚቆሙ አሉ፤ ገንዘቡን ባንኮኒው ላይ አስቀምጠው በዓይን ብቻ የሚጠቁሙኝ አሉ፤ በጥቁር ፌስታል ካልተደረገላቸው ይዘው የማይወጡ አሉ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ሌላ ዓይነት ጥያቄ እየመጣ ነው። «የሚታጠበው አላችሁ?» «ያ ውስጥ የሚገባው፣ ካፕ የሚሉት ነገር ጉዳት የለውም?» «ፕላስቲክ የሌለበት ታውቂያለሽ?» ሰው ተሰልፎ እየጠበቀ የምሰጠው መልስ ሁልጊዜ አጭር ነው። ረጅሙን እዚህ ልጻፈው።

መጀመሪያ በእጃችን ያለውን እንወቀው። ተራው ሞዴስ ሲያዩት ጥጥ ይመስላል፤ ብዙ ክፍሉ ግን ፕላስቲክ ነው። ቆዳችንን የሚነካው ስስ ሽፋን ብዙውን ጊዜ ከፖሊፕሮፒሊን ወይም ከፖሊኢትሊን የተሠራ ነው። ከታች እንዳያሳልፍ የሚይዘው ደግሞ ያው ፌስታል የሚሠራበት ፖሊኢትሊን ነው። መሃሉ ላይ ከእንጨት የወጣ ለስላሳ ነጭ ጭረት አለ፤ በዚያ ውስጥ ፈሳሽ ሲነካው አብጦ እንደ ጄል የሚሆን ሶዲየም ፖሊአክሪሌት የሚባል ብናኝ ተበትኖበታል። ከዚያ ማጣበቂያው፣ ክንፉ ላይ ያለው ወረቀት፣ አንድ በአንድ የተጠቀለለበት ፕላስቲክ፣ የፓኬቱ ፕላስቲክ ይከተላል። አንዲት ሴት በወር ባለ10 ፍሬ ሁለት ፓኬት ብትጨርስ በዓመት 240 ይሆናል። ለ35 ዓመት ሲሰላ 8,400 ነው። ይህ የአንዲት ሴት ብቻ ነው።

ሰፈራችን ውስጥ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ቆሻሻ የሚሰበስቡት በማኅበር የተደራጁ ሰዎች ናቸው፤ እኛ ጋ የሚመጡት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። አንዷ ከደረጃው ሥር አስቁማኝ «የኔ እህት፣ እባካችሁ ሞዴሱን ለብቻው ጠቅልላችሁ ቋጥሩልን። ማዳበሪያው ሲቀደድ እጃችን ላይ ነው የሚፈታው» አለችኝ። እጇን አየሁት፤ ጓንት የለውም። ስለ አካባቢ ጥበቃ ብዙ ነገር አንብቤ አውቃለሁ፤ እንደዚህች ሴት ንግግር የገባኝ ግን የለም። ከእሷ እጅ ያለፈው ሲጫን የሚደርሰው ቆሼ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ያ የቆሻሻ ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ቀብሯል። ዛሬም ቆሻሻ እያገላበጡ የዕለት እንጀራቸውን የሚያወጡ ሰዎች አሉ፤ እኛ አፍረን በጥቁር ፌስታል የሸሸግነውን የሚፈቱት እነሱ ናቸው።

ሽንት ቤት ውስጥ የሚጥሉት ደግሞ ሌላ ጣጣ ያመጣሉ። ያ የሚያብጥ ብናኝ ቧንቧ ውስጥም ሥራውን አያቆምም። የኛን ብሎክ ፍሳሽ ሊከፍት የመጣው የቧንቧ ሠራተኛ ከመሬት ወለሉ መስመር ያወጣውን ሁላችንም ቆመን አይተናል፤ ያን ቀን ማንም ለማንም ቀና ብሎ አላየም። ግቢ ውስጥ ማቃጠልም መፍትሔ አይሆንም፤ ፕላስቲክ በተራ እሳት ሲነድ የሚወጣው ጭስ መርዛማ ነው፣ የሚተነፍሱት ደግሞ የራሳችን ልጆች ናቸው። በ2017 ዓ.ም. የፕላስቲክ ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅ ሲጸድቅ ደስ ብሎኛል። ፌስታሉ ውስጥ ተቋጥሮ ስለሚጣለው ግን እስካሁን በአደባባይ ብዙም አይነገርም።

እንግዲህ ምን እንምረጥ? የኔ መልስ ይህ ነው፦ ከመግዛታችሁ በፊት ውሃችሁንና ማስጫችሁን አይታችሁ ወስኑ። ከፕላስቲክ የጸዳው ምርጡ ዕቃ እንኳ የሚታጠብበት ውሃና የሚደርቅበት ፀሐይ ከሌለ ለገላችሁ ጠላት ይሆናል።

ከሚታጠበው ልጀምር፣ ምክንያቱም ለእኛ አዲስ አይደለም። እናቴ ያሳደገችን ደሴ ነው። በእሷ ጊዜ መጠበቂያው ያረጀ ነጠላ ነበር፤ ተቀድዶ፣ ታጥፎ፣ ታጥቦ እንደገና የሚሠራ። አንድም ነገር አይጣልም ነበር። ግን ያንን ዘመን አሞግሼ አላልፍም። እማዬ ያንን ጨርቅ የምታደርቀው ከአልጋው ጀርባ፣ ሰው በማያይበት፣ ፀሐይም በማያይበት ቦታ ነበር። የደሴን ብርድና ጉም የምታውቁ እዚያ ጥግ የተደበቀ ጨርቅ መቼ እንደሚደርቅ ገምቱት። በእርጥቡ ትለብሰዋለች፣ ያሳክካታል፣ ለማንም አትናገርም። ችግሩ የመጣው ከጨርቁ ሳይሆን ከመደበቁ ነበር።

ዛሬ ያሉት የሚታጠቡ ሞዴሶች ከነጠላው ብዙ ርቀው ሄደዋል። በኛ አገር ስማቸው ሲነሳ ፍሬወይኒ መብራህቱን አለማንሳት ንፉግነት ነው። አሜሪካ ቴክሳስ ውስጥ ኬሚካል ምህንድስና ተምራ፣ የሚታጠብ መጠበቂያ ራሷ ነድፋ፣ መቀሌ ላይ ማርያም ሰባ የተባለውን ፋብሪካ የመሠረተች ሴት ናት። ስሙ የልጇ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ብሎ የሸለማት በዚሁ ሥራዋ ነው። በደንብ ከተያዘ የእሷ ምርት እስከ ሁለት ዓመት ያገለግላል። ሁለት ዓመት ማለት ቅድም ባሰላነው ስሌት ወደ 480 የሚጣል ሞዴስ ነው።

አጠባቡን ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው የሚተወው እዚህ ላይ ተሰላችቶ ነውና። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ። ሙቅ ውሃ የደሙን ፕሮቲን ያበስለውና እድፉ ጨርቁ ላይ ይቀራል። ደሙ ከለቀቀ በኋላ በደረቅ ሳሙና ማሸት፣ ከዚያ አረፋው እስኪጠፋ ማለቅለቅ። ሳሙና ከቀረበት ቆዳ ያሳክካል። በረኪና አታስነኩት፤ ጨርቁንም የታችኛውን ሽፋንም ይበላዋል። ልብስ ማለስለሻም አያስፈልገውም፣ መምጠጡን ይቀንሰዋል። በጠቅላላው ሦስት ውሃ ይፈልጋል። እኛ ቤት የመጀመሪያው ውሃ አይደፋም፤ በባልዲ ተቀምጦ ለሽንት ቤት ይሆናል። እንዲህ ካደረጋችሁት በፈረቃ ውሃም ይቻላል።

ከዚያ ፀሐይ። እዚህ ላይ አልደራደርም። ማስጫ ገመዱ ላይ ከካልሲና ከፎጣ ጎን፣ ፊቱን ወደ ላይ አድርጌ ነው የማሰጣው። መጀመሪያ ሰሞን እትዬ እያልኩ የምጠራቸው ጎረቤታችን አዩና ደነገጡ።

«ልጄ፣ ይሄን እዚህ? ወንድ ይወጣል ይወርዳል እኮ!»

«እትዬ፣ ፀሐይ ካላገኘ ያሳምመኛል።»

ትንሽ ዝም ብለው ገመዱን ተመለከቱ። «እንግዲያው ወደዚህ ጥግ አድርጊው» አሉኝ፤ «እዚያ እስከ አራት ሰዓት ጥላ ነው፣ እዚህ ግን ገና በጠዋቱ ነው ፀሐይ የሚያገኘው።» ከዚያ ወዲህ ያ ጥግ የኔ ነው።

አንድ ነገር ግን አልደብቅም። የሚታጠበውም ከፕላስቲክ ፈጽሞ ነፃ አይደለም። እንዳያሳልፍ ከታች የሚገባው ስስ ሽፋን ብዙ ጊዜ ፖሊዩሬቴን የሚባል ፕላስቲክ የተቀባ ጨርቅ ነው። ልዩነቱ አንዱ ሽፋን ብዙ የሚጣሉትን መተካቱ ላይ ነው። ማሽን ያላችሁ ደግሞ ለሞዴስ ብቻ ብላችሁ በሙቅ ውሃ አታስነሱት፤ ከሌላ ልብስ ጋር ቢገባ ምንም አይሆንም።

ከቀርከሃ ወይም ያለኬሚካል ከበቀለ ጥጥ የሚሠሩ፣ ይበሰብሳሉ ተብለው የሚሸጡ የሚጣሉ ሞዴሶችም አሉ። ዋጋቸው ለብዙዎቻችን የሚቀመስ አይደለም። ከዋጋው በላይ የሚያሳስበኝ ግን መጨረሻቸው ነው። መበስበስ ማለት አየር፣ እርጥበትና ተንከባካቢ ባለበት የኮምፖስት ጉድጓድ ውስጥ ነው። ቆሼ ላይ በፌስታል ታፍኖ ሥር የተቀበረ ነገር አየር አያገኝም፤ ቢበሰብስም አየር ንብረትን የሚያሞቅ ሜቴን ጋዝ እያወጣ ነው። ግቢ ያላችሁና ኮምፖስት የምታዘጋጁ ካላችሁ ይሁን። ለኮንዶሚኒየም ነዋሪ ግን ማሸጊያው ላይ የተሳለው ቅጠል ብዙ ትርጉም የለውም።

ይሁን እንጂ ጎረቤቶቻችን የሚያስቀና ነገር ሠርተዋል። ኡጋንዳ ውስጥ የማከረሬ ዩኒቨርሲቲው ሙሴ ሙሳአዚ ፓፒረስ ከሚባለው ደንገልና ከተጣለ ወረቀት ማካፓድስ የተባለ መጠበቂያ ፈጥረዋል። ሩዋንዳ ውስጥ ደግሞ ከሙዝ ግንድ ጭረት የሚሠራ አለ። ይህን ሳነብ ሐሳቤ ወደ እንሰት ይሄዳል። እንሰት የሙዝ ዘመድ ነው፤ ጉራጌና ሲዳማ ውስጥ ቆጮ ሲፋቅ ቃጫው በገፍ ይወጣል፣ ገመድና ጆንያ ይሆናል። ለስልሶ ለዚህ ይበቃ እንደሆን የጨርቃጨርቅ ትምህርት ቤቶቻችን ቢሞክሩት ከልቤ እመኛለሁ።

የወር አበባ ፓንት የሚባለውን በአጭሩ ልለፈው። ምቹ ነው፣ ለሌሊት ጥሩ ነው፤ ግን ወፍራም ስለሆነ ክረምት ላይ ለመድረቅ ቀናት ይፈጃል፣ ውሃም ይጠጣል። ሁለትና ሦስት ብቻ ገዝቶ በሱ ወሩን መወጣት አይቻልም።

አሁን ወደ ካፑ። እኔ የምጠቀመው እሱን ነው፤ የመጨረሻዎቹን ቀላል ቀናት ደግሞ በሚታጠበው እጨርሳለሁ። ብዙ ሰው የትናንት ፈጠራ ይመስለዋል፤ ሊዮና ቻልመርስ የምትባል አሜሪካዊት ተዋናይት የፈጠራ መብት ያወጣችለት ግን በ1937 እ.ኤ.አ. ነው። የዛሬው ለሕክምና ዕቃ ከሚውል ሲሊኮን የሚሠራ ትንሽ ለስላሳ ኩባያ ነው። ታጥፎ ይገባል፣ ውስጥ ይዘረጋል፣ ደሙን ይይዛል። አብዛኞቹ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ይይዛሉ፤ የአብዛኞቻችን የአንድ ወር ፍሰት ሁሉ ተደምሮ ከ30 እስከ 80 ሚሊ ሊትር ነው። ስለዚህ ጠዋትና ማታ መድፋት ለብዙዎች ይበቃል፤ ከ12 ሰዓት በላይ ግን ውስጥ መቆየት የለበትም። በደንብ ከተያዘ እስከ አሥር ዓመት ይቆያል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2021 እ.ኤ.አ. መጠበቂያዎቹን ከጥሬ ዕቃቸው እስከ መጣያቸው ሲያነጻጽር በአካባቢ ላይ ትንሹን ጉዳት የሚያደርሰው ካፑ ሆኖ ተገኝቷል።

እኔን ያሸነፈኝ ግን ውሃው ነው። ካፕ ለመለቅለቅ አንድ ኩባያ ውሃ ይበቃል። ማድረቂያ አይፈልግም፣ ገመድ አይፈልግም፣ ክረምትና በጋ አይለይም። የወር አበባው ሊጀምር ሲል እና ሲያበቃ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ መቀቀል ነው። ለዚህ ብቻ ያስቀመጥኩት የወተት ዱቄት ጣሳ አለኝ፤ ምድጃ ላይ ጥጄ አጠገቡ እቆማለሁ፣ ውሃው አልቆ ከተቃጠለ ካፑ ይበላሻልና። ዶርም የምትኖሩ ልጆች መቀቀያ ቦታ ማጣት ዋናው ችግራችሁ እንደሆነ ነግራችሁኛል። ማፍያ ባላት ጓደኛ ቤት መቀቀልና በንጹሕ የጨርቅ ከረጢት መያዝ ይቻላል። የተዘጋ ፕላስቲክ ውስጥ ግን አታስቀምጡት፣ አየር ይፈልጋል።

ቀላል ነው ብዬ አላታልላችሁም። አስገብቶ ማውጣቱን ገላ እስኪለምደው ጥቂት ወራት ይወስዳል። ላንሴት ፐብሊክ ኸልዝ የተባለ የሕክምና መጽሔት ላይ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ 43 ጥናቶችንና ወደ 3,300 ሰዎችን የተመለከተ ግምገማ ከተለማመዱት ወደ 70 በመቶ የሚሆኑት መቀጠል እንደፈለጉ ያሳያል። ያልቀጠሉትም አሉ ማለት ነው፤ እነሱንም ሰነፎች ማለት ነውር ነው። ስታወጡ ከካፑ ሥር ያለችውን ግንድ ብቻ ይዛችሁ አትጎትቱ፤ ታችኛውን ክፍል ጨመቅ አድርጋችሁ አየር አስገቡለት። ማሕፀን ውስጥ የሚቀመጥ ሉፕ ያላችሁ ከመጀመራችሁ በፊት ያስገባላችሁን ባለሙያ አማክሩ፤ ሲጎተት አብሮ ሊያወጣው ይችላል። ግርዛት ተፈጽሞባችሁ የተሰፋችሁ ወይም ጠባሳ ያለባችሁም እንደዚሁ ሳትመረመሩ አትሞክሩት። እጅ ሳይታጠብ ካፕ አይነካም። ስሙም የተሠራበት ነገርም ያልተጻፈበትን፣ ሽታ ያለውን ርካሽ ካፕ ደግሞ አትግዙ።

የድንግልናውን ጥያቄ እናቶች ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የሚያነሱት፤ ላልፈው አልፈልግም። የድንግልና ስስ ሽፋን ከሴት ሴት ይለያያል፤ ይለጠጣል፣ በስፖርትም በሌላም ሊላላ ይችላል፣ ከልደት ጀምሮ በጣም ትንሽ ብቻ ያላቸውም አሉ። ካፕም ሊያላላው ይችላል። ይህ ግን ከማንም ጋር አለመተኛቷን አይለውጠውም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. የድንግልና ምርመራ የሚባለው ሳይንሳዊ መሠረት የለውምና ይቅር ብሏል። ይህን ሁሉ ብናገርም ቤቷ ውስጥ በዚህ ሰበብ የምትመታ ልጅ እንዳለች አውቃለሁ። ለእሷ ካፕ ግዢ አልልም፤ የሚታጠበውን ነው የማሳያት። ደኅንነቷ ከፕላስቲኩ ይቀድማል።

የሚጣለውን የምትጠቀሙም አትሸማቀቁ። ውሃ የሌለበት መሥሪያ ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትውል፣ መንገድ ላይ የምትነግድ፣ በተጠለለችበት ቦታ በር የሚዘጋ መታጠቢያ የሌላት ሴት ሞዴስ ትፈልጋለች፣ ሊደርሳትም ይገባል። የምለምናችሁ ይህን ብቻ ነው፦ ሽታ ያለውን ሳይሆን ተራውን ምረጡ፣ በወረቀት ጠቅልላችሁ ለብቻው ቋጥሩ፣ ሽንት ቤት አትጣሉ።

የታላቅ እህቴ ልጅ ዘንድሮ 12 ዓመቷን ይዛለች። ደሴ ነው ያሉት፣ እማዬ ቤት። እህቴ ደውላ «ምን ልግዛላት?» ስትለኝ መጀመሪያ የጠየቅኳት ስለ ውሃው ነው። ግቢያቸው ውስጥ ሮቶ አለ፤ ትምህርት ቤቷ ግን የሴቶቹ ሽንት ቤት ቧንቧው ይደርቃል። ስለዚህ ለቤት የሚታጠቡ ሞዴሶች፣ እርጥቡን ከትምህርት ቤት ይዛ የምትመለስበት ውሃ የማያሳልፍ ትንሽ ቦርሳ፣ ደረቅ ሳሙናና የጥጥ ፓንቶች ላክሁላት። ለፈተና ቀንና ለድንገተኛ አንድ ፓኬት የሚጣልም ጨመርኩበት። ካፑን ስታድግ፣ ራሷ ከፈለገች።

«ማስጫው ላይ ቦታዋን አስለይተሽ ስጫት» አልኳት እህቴን።

«እሱስ እሺ። እማዬም ተስማምታለች። ሐምሌ ላይ ግን ፀሐይ የለም፤ ምድጃው አጠገብ ብናደርቀውስ?»

ይሆናል፣ ግን ከእሳቱ አርቂው፣ የታችኛው ሽፋን ሙቀት አይችልም አልኳት። ጭስ በማያገኘው በኩል ገመድ ወጥራለች።